ዕፅ ወስዶ እግዚአብሔርን ማግኘት ይቻላል?

«ስንት ዓመት ጸልዬ ያላገኘሁትን በአንድ ሌሊት አገኘሁት» የሚሉ ሰዎች አሉ። አገኘን የሚሉት የተለየ ዓይነት እንጉዳይ በልተው፣ ኤልኤስዲ የሚባለውን በቤተ ሙከራ የተሠራ ዕፅ ውጠው ወይም አያዋስካ የሚባለውን የተክል መጠጥ ጠጥተው ነው። ፍቅር ውስጥ ጠለቅን ይላሉ። ሞትን መፍራት ለቀቀን ይላሉ። እግዚአብሔርን አየሁት የሚልም አይጠፋም።

ይህን የጦዘ ሰው ወሬ ነው ብሎ ማጣጣል ይቀላል። ልክ ግን አይመስለኝም። እንዲህ ከሚሉት መካከል ረጋ ያሉ፣ አስተዋይ፣ የሚናገሩትን የሚያውቁ ሰዎች ብዙ ናቸው። ዕፁን የወሰዱት ለጭፈራ አይደለም። ውስጣቸው ደርቆ፣ ጸሎት ከአፋቸው አላልፍ ብሎ፣ ስብከቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖባቸው የገቡበት አሉ። የተጠማ ሰው ደግሞ ስለተጠማ አይሰደብም።

ስለዚህ ጥያቄውን በወጉ እንየው። ዕፅ የመንፈሳዊ ሕይወት መንገድ ሊሆን ይችላል ወይ? የክርስትና መልስ «አይችልም» ነው። እኔም በዚህ መልስ ከልቤ አምናለሁ። ነገር ግን «ኃጢአት ነው፤ አለቀ» ብሎ ማለፍ ጠያቂውን ሜዳ ላይ መተው ነው። ለምን እንደማይሆን ሊነገረው ይገባል።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ዕፅን ከአምልኮ ጋር ማያያዝ የቆየ ነገር ነው። የሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች ፔዮቴ የሚባለውን ትንሽ ቁልቋልና አንዳንድ እንጉዳዮችን በሥርዓታቸው ውስጥ ሲጠቀሙ ኖረዋል። የአማዞን ሕዝቦች አያዋስካ አላቸው። ከክርስትና ጋር የተቀላቀለም አለ። እ.ኤ.አ. በ1918 በኦክላሆማ በሕግ የተመዘገበው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቤተ ክርስቲያን ፔዮቴን በአምልኮው ይጠቀማል። በ1930ዎቹ በብራዚል የተነሣው ሳንቶ ዳይሜ የኢየሱስንና የማርያምን ስም በመዝሙር እየጠራ አያዋስካ ይጠጣል። ራስተፈሪያንም ካናቢስን ሲያጨሱ ዘፍጥረት 1፥29ን ይጠቅሳሉ፤ እግዚአብሔር ዘር ያለውን ቡቃያ ሁሉ ለሰው ሰጠ የሚለውን። (ይህን ጥቅስ በአጭሩ ልመልሰው። ቦታው የሚናገረው ስለ ምግብ ነው። ደግሞም የተፈጠረ ሁሉ መልካም ነው ማለት የተፈጠረው ሁሉ ለፈለግነው ነገር ይውላል ማለት አይደለም። መርዛማ ተክልም እኮ የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው።)

ዛሬ የምንሰማው ወሬ ግን ይበልጥ የመጣው ከምዕራቡ ዓለም ቤተ ሙከራ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት አልበርት ሆፍማን ኤልኤስዲን የሠራው በ1938 ነበር። ምን እንደሚያደርግ ያወቀው ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ሲሠራ ሳያስበው ጥቂት ወደ ሰውነቱ ገባ። በሦስተኛው ቀን ሆን ብሎ 250 ማይክሮግራም ወሰደ። ይህ የአንድ ግራም ሩብ እንኳ አይደለም፤ የግራም አንድ አራት ሺኛ ነው። በብስክሌት ወደ ቤቱ ሲሄድ ዓለም ሁሉ ተለዋወጠበት።

በ1953 ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ አልደስ ሀክስሊ ከፔዮቴ የሚገኘውን መስካሊን ወሰደ። በዓመቱ ስለዚያ ቀን መጽሐፍ አሳተመ። ዕፅ የመንፈስ በር ነው የሚለው ሐሳብ በተማረው ሰው ዘንድ መነጋገሪያ የሆነው ያኔ ነው። ወደ ሀክስሊ በኋላ እንመለሳለን። ሳያስበው ለክርስቲያኑ ክርክር ትልቅ ነገር ትቶልናል።

በስቅለት ዕለት የተደረገው ሙከራ

በዚህ ጉዳይ ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ እንደ ቦስተኑ የሚነሣ የለም። ቀኑ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 1962 ነበር፤ የስቅለት ዓርብ። ቦታው የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ማርሽ ቻፕል። ዋልተር ፓንኬ የሚባል ሐኪም ለዶክትሬት ጥናቱ 20 የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ሰበሰበ። ለአሥሩ ከእንጉዳይ የሚገኘውን ሲሎሳይቢን ሰጣቸው፤ 30 ሚሊግራም። ለአሥሩ ደግሞ ፊት የሚያቀላና ሰውነት የሚያሞቅ ቫይታሚን ሰጣቸው። ማን ምን እንደወሰደ እንዳይታወቅ ታስቦ ነው።

ከላይ በዋናው አዳራሽ ታዋቂው ሰባኪ ሃዋርድ ተርማን የስቅለትን ጸሎት ይመራል። ተማሪዎቹ ምድር ቤት ባለች ትንሽ ጸሎት ቤት ተቀምጠው በድምፅ ማጉያ ይሰማሉ። ብዙም ሳይቆይ ምሥጢሩ ተገለጠ። ቫይታሚኑን የወሰዱት ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ። ከሌሎቹ አንዳንዱ ይጋደማል፤ አንዳንዱ እየተንጎራደደ ያጉረመርማል። ማን የትኛውን እንደወሰደ መጠየቅ አላስፈለገም።

ውጤቱስ? ሲሎሳይቢን ከወሰዱት አብዛኞቹ ቅዱሳን ስለ ተመስጦ ከጻፉት ጋር የሚመሳሰል ነገር ተናገሩ። አንድነት፣ ደስታ፣ ከጊዜ ውጭ መሆን። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሪክ ዶብሊን የሚባል ተመራማሪ ያገኛቸውን ሰዎች ሲጠይቅ፣ ብዙዎቹ ያን ቀን አሁንም የሕይወታቸው ትልቅ ቀን አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። እውነት ነው።

ዶብሊን በ1991 ያሳተመው ጽሑፍ ግን ሌላም ነገር አወጣ። አብዛኞቹ በመካከሉ ከባድ የጭንቅ ሰዓት አሳልፈዋል። አንዱ ተማሪ ደግሞ አዲስ የሰላም ዘመን መምጣቱን ለዓለም እንዲያውጅ የተመረጠ መስሎት ጸሎት ቤቱን ጥሎ ወደ ጎዳና ወጣ። ተከትለው መለሱት። የሚያረጋጋ መድኃኒት ተሰጠው። ፓንኬ ይህን በጥናቱ ውስጥ አልጻፈውም ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ልጅ ነው። ከጎኑ ካሉት ጋር የወሰደው ያው አንድ ዓይነት ዕፅ ነው። የሰማው ያው አንድ ስብከት ነው። እነሱ «እግዚአብሔር ነካን» አሉ፤ እሱም ያኔ ቢጠየቅ ያንኑ ይል ነበር። ሁሉም እርግጠኛ ነበሩ። ታዲያ የትኛው ትክክል እንደሆነ በምን ይለያል? በስሜቱ ብርታት እንዳይለይ የእሱም ስሜት ብርቱ ነበር።

«እርግጠኛ ነኝ» የሚለው ስሜት

ሲሎሳይቢን ሰውነት ውስጥ ሲገባ ሲሎሲን ወደሚባል ንጥረ ነገር ይለወጣል። ያም አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባለው መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገር የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች ይይዛል። ስለ ራሳችን ስናስብ የሚሠራው የአንጎል ክፍሎች ቅንጅት ሥራው ይዛባል፤ «እኔ» የሚለው ድንበር ይሳሳል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ከሁሉ ጋር አንድ የሆነ ይመስለዋል።

ይህ ብቻውን ክርስቲያንን አያስደነግጥም። ስንጸልይም አንጎላችን ይሠራል። እግዚአብሔር ሥጋ አድርጎ ነው የፈጠረን። ጥያቄው ሌላ ነው። ዕፁ ራእይ ብቻ አይደለም የሚሰጠው፤ «ይህ እውነት ነው» የሚለውን እርግጠኝነትም አብሮ ይሰጣል። እርግጠኝነቱ ራሱ ከዕፁ ሲመጣ ምስክርነቱ ዋጋ ያጣል።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊልያም ጄምስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሳቅ ጋዝ የሚባለውን ናይትረስ ኦክሳይድ ስቦ ነበር። የዓለም ምሥጢር ሁሉ የተገለጠለት መሰለው። ያየውን እየጻፈ አስቀመጠ። ሲነቃ ወረቀቱን ቢያነብ ትርጉም የሌለው ቃላት ሆኖ አገኘው። ጄምስ የዕፅ ጠላት አልነበረም፤ እንዲያውም ከተለመደው ውጭ ሌላ ዓይነት ንቃት እንዳለ ያሳየኛል ብሎ ያምን ነበር። ግን የሆነውን ሳይደብቅ ጻፈው።

ሌላም አለ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው እንደሚሉት፣ ሰውየው የሚያየው ነገር ይዞት በገባው ሐሳብና በተቀመጠበት ቦታ ይቀረጻል። በጸሎት ቤት መስቀል ሥር ያለው የመስቀል ነገር ሊያይ ይችላል። ጫካ ውስጥ ሥርዓቱን ከሚመራ አዋቂ ጋር የተቀመጠው እባብና የተክል መንፈስ ሊያይ ይችላል። በዚያ ሰዓት ሰው የተነገረውን ሁሉ በቀላሉ ይቀበላል። ልቡ ወለል ብሎ ተከፍቶ አጠገቡ ላለ ሰው እጅ ይሰጣል። ያ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ቅን አይደለም። በመሪነት ስም የተደፈሩ፣ ገንዘባቸውን የተዘረፉ ሰዎች አሉ።

ሐዋርያው ዮሐንስ «መንፈስን ሁሉ አትመኑ፥ ነገር ግን መርምሩ» የሚለው ለዚህ ነው። መመርመሪያው አእምሮ በተዘጋበት ሰዓት ምን ይመረመራል?

የምንፈልገው ስሜት ነው ወይስ እሱን?

ለእኔ የነገሩ ልብ እዚህ ላይ ነው።

ክርስትና ስለ አንድ ኃይል ወይም ስለ አንድ ከፍ ያለ የአእምሮ ሁኔታ አይደለም የሚያስተምረው። ስለ አንድ አካል ነው። የሚናገር፣ የሚሰማ፣ የሚወድ፣ አንዳንዴም ዝም የሚል እግዚአብሔር። ከአካል ጋር ያለን ግንኙነት ደግሞ ዕፅ በመዋጥ አይመጣም። አንዲት ሴት ባሏ አጠገቧ ያለ የሚመስል ስሜት የሚሰጥ እንክብል ብታገኝና ብትውጥ፣ ስሜቱ ይመጣላት ይሆናል። ባልየው ግን አልመጣም።

ሲሞን የሚባለው ጠንቋይ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያደረገውን አስታውሱ። ጴጥሮስና ዮሐንስ እጃቸውን ሲጭኑ መንፈስ ቅዱስ ሲሰጥ አየ። ገንዘብ አውጥቶ «ለእኔም ይህን ሥልጣን ስጡኝ» አለ። ጴጥሮስ የተቆጣው በገንዘቡ ማነስ አይደለም። የእግዚአብሔርን ስጦታ በእጁ ሊያደርገው፣ ሲፈልግ ሊያዝበት ስላሰበ ነው። ዕፅም ላይ ያለው ችግር ይኸው ነው። «ስወስድ ይመጣል» የምንለው ነገር ስጦታ መሆኑ ቀርቷል። እኛ የምንጠራው፣ በሰዓት የምንቀጥረው ነገር ሆኗል። እንዲህ የሚጠራ አምላክ ደግሞ የአብርሃም አምላክ አይደለም።

አሁን ወደ ሀክስሊ እንመለስ። መስካሊን ወስዶ በአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ያሉትን ጥቂት አበቦች እያየ ተደነቀ። የሱሪው እጥፋት እንኳ አስደነቀው። ሆኖም አንድ ነገር በቅንነት ጽፏል። ክፍሉ ውስጥ አብረውት የነበሩትን ሰዎች ዓይን ሆን ብሎ ይሸሽ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ሚስቱ ነበረች። ሌላው የሚያከብረውና የሚወደው ሰው ነበር። እነሱ ግን ዕፁ ካላቀቀው ዓለም ናቸው፤ «እኔ» እና «አንተ» ካለበት፣ ግዴታ ካለበት ዓለም። ሀክስሊ ይህን ችግር ራሱ አይቶታል። መስካሊን ቁጭ ብላ ትሰማ የነበረችውን የማርያምን መንገድ ይከፍታል፤ ስታገለግል የነበረችውን የእኅቷን የማርታን በር ግን ይዘጋል የሚል ሐሳብ ጽፏል።

ይህን ሳነብ ውስጤ ይነካል። ሱሪ ያበራል፤ አበባ ያበራል፤ የሚስት ዓይን ግን ሸክም ሆነ። ዮሐንስ በመጀመሪያ መልእክቱ «ያየውን ወንድሙን የማይወድ ያላየውን እግዚአብሔርን እንዴት ሊወደው ይችላል?» ይላል። ማርያምስ ብትሆን የሰው ፊት እያየች አይደል የተቀመጠችው? ከኢየሱስ እግር ሥር ነበረች፤ ቃሉን ትሰማ ነበር።

በጊዜው ለሀክስሊ በደንብ የመለሰለት በኦክስፎርድ የምሥራቅ ሃይማኖቶች ፕሮፌሰር የነበረው አር. ሲ. ዜነር ነው። ካቶሊክ ክርስቲያን ነበር። ሳያውቅ እንዳይፈርድ መስካሊኑን ራሱም ሞከረው። (እኔ ይህን ምሳሌ አድርጋችሁ እንድትከተሉት አልመክርም።) ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከተፈጥሮ ጋር አንድ የሆንኩ መሰለኝ ማለትና በፍቅር ከእግዚአብሔር ጋር መገናኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለቱም «ተመስጦ» ስለተባሉ አንድ አይሆኑም። በመጀመሪያው ውስጥ ሌላ አካል የለም። ሌላ አካል ከሌለ ደግሞ ፍቅር የለም።

ሁሉም ሰው እንደ ሀክስሊ ይሆናል አልልም። ከዕፁ በኋላ ቤተሰቤን ይበልጥ ወደድኩ የሚሉም አሉ። እሱን ጥቂት ቆይተን እናየዋለን።

ንቁ የሆነ እምነት

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ኤልኤስዲ አያወራም። ስለ ስካር ግን ብዙ ይናገራል። «መንፈስ ይሙላባችሁ እንጂ በወይን ጠጅ አትስከሩ» ይላል ኤፌሶን 5፥18። ጳውሎስ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው በውጭ ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ ይመስለኛል። በጰራቅሊጦስ ቀንም ያዩ ሰዎች «ጉሽ ጠጅ ጠግበዋል» ብለው አፌዙ። ጴጥሮስ ተነሣና እነዚህ የሰከሩ አይደሉም አለ። ከዚያ ምን አደረገ? ነቢዩን ኢዩኤልን ጠቀሰ፤ ዳዊትን ጠቀሰ፤ ነገሩን ከሥሩ አስረዳ። መንፈስ የሞላበት ሰው አእምሮው ሲሰላ እንጂ ሲደነዝዝ አናይም። ከመንፈስ ፍሬዎች አንዱ ራስን መግዛት ነው። የቆሮንቶስ ሰዎች በስጦታዎቻቸው ሲተራመሱም ጳውሎስ «የነቢያትም መናፍስት ለነቢያት ይገዛሉ» ብሎ ጻፈላቸው። ዕፅ የሚያመጣው ከዚህ ተቃራኒውን ነው። አንዴ ከተዋጠ በኋላ «ይብቃኝ» ማለት አይቻልም። ሰዓቱ እስኪያልፍ ድረስ ተሳፋሪ ነህ።

ከሁሉ በላይ ግን እኔን የሚይዘኝ ጎልጎታ ነው። ማርቆስ 15፥23 ላይ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች። ብዙ ጊዜ ሳናስተውላት እናልፋለን። ኢየሱስን ሊሰቅሉት ሲሉ ከርቤ የተቀላቀለበት የወይን ጠጅ ሰጡት። እርሱ ግን አልተቀበለም። ሊሞት ላለ ሰው የሚያሰክር መጠጥ መስጠት በአይሁድ ዘንድ የታወቀ የርኅራኄ ሥራ ነበር፤ ምሳሌ 31፥6 ላይም አለ። ብዙ ተርጓሚዎች ይህም ስቃዩን እንዲያደነዝዝለት የቀረበ ነው ይላሉ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። ለሰቀሉት ሰዎች ይቅርታ ለመነ። አጠገቡ የተሰቀለውን ወንበዴ አናገረ። እናቱን አየ፤ ለሚወደውም ደቀ መዝሙር አደራ ሰጣት። አባቱን ጠራ። ይህን ሁሉ ያደረገው በሙሉ አእምሮው ነው። ዓለም የዳነበት ሰዓት ማንም ነቅቶ ሊያሳልፈው የማይመኘው ሰዓት ነበር። ጌታ ግን ነቅቶ አሳለፈው።

ይህ ማለት ቀዶ ጥገና የሚደረግለት ሰው ማደንዘዣ አይወጋ ማለት አይደለም። ጽዋው የእርሱ ብቻ ነበር። እግዚአብሔርን ፍለጋ የሚወጣ ሰው ግን የሚከተለው ማንን እንደሆነ ማወቅ አለበት።

«ጾምስ? ሌሊት መቆምስ?»

ከሚነሡት ተቃውሞዎች ብርቱው ይህ ነው። ቀላል መልስም የለውም። «እናንተም እኮ አእምሯችሁን ትለውጣላችሁ» ይሉናል። «ትጾማላችሁ። እንቅልፍ ታጣላችሁ። አንድ ጸሎት መቶ ጊዜ ትደጋግማላችሁ። ዕጣን ታጨሳላችሁ፤ ዜማ ታዜማላችሁ። ረሃብም ኬሚስትሪ ነው። እኛ በአንድ ሰዓት ያደረግነውን እናንተ በአርባ ቀን ስላደረጋችሁት ምን ለየው?»

እውነታቸውን ነው፤ ጾም ሰውነትን ይለውጣል። ልዩነቱን «ያኛው ኬሚካል ነው፤ ይሄኛው ተፈጥሮ ነው» በሚል ብናስቀምጠው አያስኬድም። ልዩነቱ ያለው የምናደርገው ለምን እንደሆነ ላይ ነው።

ክርስቲያን ራእይ ለማየት አይጾምም። ሆዱን ሊገዛ፣ ንስሐ ሊገባ፣ ከተራበው ጋር ሊራብ ይጾማል። ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ላይ እግዚአብሔር የሚጾሙትን ሰዎች ይወቅሳል። ይጾማሉ፤ ሠራተኞቻቸውን ግን ያስጨንቃሉ። እርሱ የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ፣ የተገፋውን ነጻ ማውጣት ነው። ጾሙ በራሱ ምንም ዋስትና አይሰጥም ማለት ነው። አርባ ቀን ጾሞ ምንም ያልተሰማው ሰው ጾሙ አልከሸፈበትም። ዕፅ ወስዶ ምንም ያልተሰማው ሰው ግን ገንዘቡን ይመልሱልኝ ይላል።

እንዲያውም የበረሃ አባቶች ራእይን አጥብቀው ይፈሩ ነበር። ስለ አንድ መነኩሴ የሚተረክ አለ። ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ መጣና «እኔ ገብርኤል ነኝ፤ ወደ አንተ ተልኬ መጣሁ» አለው። መነኩሴውም «እስቲ እይ፤ ወደ ሌላ ሰው ተልከህ እንዳይሆን። እኔ መልአክ የሚላክልኝ ሰው አይደለሁም» አለ። ወዲያው ጠፋ ይላሉ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ስፔናዊው የመስቀሉ ዮሐንስም ከእግዚአብሔር የመጣ ራእይ ቢሆን እንኳ ተንጠልጥላችሁ አትቅሩበት ብሎ አስተምሯል። በእምነት መሄድ ይበልጣል ባይ ነው።

ጳውሎስ ደግሞ ወደ ሦስተኛው ሰማይ ተነጠቀ። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ ያውም ተገድዶ፣ ስለ ሌላ ሰው የሚናገር መስሎ ይተርከዋል። እንዴት እንደሚደረስበት ግን አንዲት መስመር አልጻፈም። ወዲያው ወደ ሥጋው መውጊያ ይገባል። ሦስት ጊዜ ውሰድልኝ ብሎ ለመነ፤ የተመለሰለት «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነው። የሚመካውም በድካሙ ሆነ።

በዚያው ልክ ራሳችንን እንመርምር። ስሜት ለማግኘት ብሎ የሚጾም፣ ለመጦዝ ብሎ መዝሙር ቤት የሚሄድ ክርስቲያን ካለ ከዕፅ ወሳጁ ብዙም አልራቀም። መድረክ ላይ የሰውን ስሜት በሙዚቃና በጩኸት እያጋሉ «መንፈስ ወረደ» ማለትም ያው ነው። ይህን ሳናስተካክል ሌላውን መውቀስ ያስተዛዝባል።

«ግን ጠቅሞኛል እኮ»

እ.ኤ.አ. በ2006 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለ36 ፈቃደኞች ሲሎሳይቢን ሰጥተው ያገኙትን አሳተሙ። ከሦስቱ ሁለት ያህሉ ቀኑን በሕይወታቸው ትልቅ ትርጉም ካላቸው አምስት ነገሮች ውስጥ አስገቡት። ከሦስቱ አንድ ያህሉ ደግሞ ብርቱ ፍርሃት ተሰምቷቸዋል። ሰዎቹ አስቀድመው በጥንቃቄ የተመረጡ፣ አጠገባቸውም ባለሙያ የተቀመጠላቸው ነበሩ። ጠቀመን የሚሉት ይዋሻሉ ብዬ አላምንም።

ዘኍልቍ ምዕራፍ 20 ላይ ግን አንድ ታሪክ አለ። ሕዝቡ ተጠምቷል። እግዚአብሔር ሙሴን «ለዓለቱ ተናገር» አለው። ሙሴ ተናደደና ዓለቱን በበትሩ ሁለት ጊዜ መታው። ውሃው ወጣ። ብዙ ውሃ። ሕዝቡም ከብቱም ጠጡ። ሙሴ ግን በዚያው ቀን ወደ ተስፋይቱ ምድር እንደማይገባ ተነገረው። ውሃ መውጣቱ የወጣበት መንገድ ትክክል ለመሆኑ ምስክር አልሆነም። እግዚአብሔር ለተጠሙት አዝኖ ውሃውን ሰጠ፤ በትሩን ግን አልባረከውም።

ቀደም ብለን ባየነው የስቅለት ዕለት ሙከራ ከተሳተፉት አንዱ የሃይማኖት ሊቁ ሂውስተን ስሚዝ ነበር። ለዕፁ ጥሩ አመለካከት የነበረው ሰው ነው። እሱ እንኳ በኋላ፣ ዕፅ ሃይማኖታዊ ስሜት ሊያመጣ ይችላል፤ ሃይማኖታዊ ሕይወት ማምጣቱ ግን ያጠራጥራል የሚል ሐሳብ ጽፏል። ትዕግሥት፣ የበደለን ይቅር ማለት፣ የታመመች እናትን ሳይሰለቹ ማስታመም፣ እነዚህ በዓመታት የሚበስሉ ናቸው። ማንም በአንድ ሌሊት አልወረሳቸውም።

ቀድሞ የገባበት ሰውስ?

ዕፅ ወስደህ «እግዚአብሔርን አገኘሁ» ያልክ ከሆንክ፣ ያየኸው ሁሉ ከሰይጣን ነው ብዬ አልፈርድብህም። እግዚአብሔር በበለዓም አህያ እንኳ ተናግሯል። ያየኸውን ይዘህ ወደ ንስሐ አባትህ ወይም ወደ መጋቢህ ሂድ። ሳትሸሽግ ንገረው። ስለ ኢየሱስ ምን አለህ? ለሰው የበለጠ ትሑት አደረገህ ወይስ «እኔ የነቃሁ ነኝ፤ ሌላው ተኝቷል» አሰኘህ? መልሶ መላልሶ እንድትወስድስ ይጎትትሃል? ጥማትህ እውነተኛ ነው። ወደዚያ መንገድ ግን አትመለስ።

ቤተሰብ የሆናችሁም፣ ልጃችሁ እንዲህ ያለ ነገር ከነገራችሁ ቶሎ አትጩኹ። «ምን ፈልገህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ቤታችን ውስጥ ጸሎት ነበር ወይ? ስለ እግዚአብሔር ጥያቄ ሲያነሣ ሰምተነዋል ወይስ ዝም አሰኝተነዋል? ብዙ ወጣት ዕፅ ጋ የደረሰው መጀመሪያ ጥያቄውን የሚሰማው ሰው አጥቶ ነው።

አደጋውም ተረት አይደለም። በቤተሰቡ ስኪዞፍሬኒያ ወይም ባይፖላር ያለበት ሰው እነዚህን ዕፆች ቢወስድ ከባድ የአእምሮ ሕመም ሊቀሰቀስበት ይችላል። አያዋስካ ከድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ ለሕይወት ያሰጋል። ዕፁ ካለፈ በኋላም ለወራት የዓይን ብዥታና የሚንቀሳቀስ ምስል የማይለቃቸው ሰዎች አሉ።

ሐኪሞች ዛሬ ሲሎሳይቢንን ለከባድ ድብርት እየሞከሩት ነው። ያ ሌላ ጥያቄ ነው። ሕመምን በሐኪም እጅ ማከም ክርስትና አይከለክልም፤ ጳውሎስ ራሱ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን ጠጣ ብሎታል፤ ሉቃስም ሐኪም ነበር። ድብርትን ማከምና እግዚአብሔርን መፈለግ ግን አንድ ጉዳይ አይደሉም። አንዱን በሌላው ስም መሸጥ ሕመምተኛውንም አማኙንም ይጎዳል።

ዕፅ ከወሰደ በኋላ ድምፅ የሚሰማ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ የተለየ ተልእኮ ተሰጠኝ የሚል ሰው ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ጸሎቱም አብሮ ይሁን። ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዘለት ደግሞ «ይሄም ዕፅ ነው» ብላችሁ አታስጥሉት።